በቂርያት ጋት የጎበጠው መስመር

ከተመለስኩ ወዲህ ያገኘኝ ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ኢየሩሳሌም ነው። ኢየሩሳሌም አልሄድኩም። ከጎንደር ተነስቼ ባሕር ተሻግሬ ሳምንቱን ሙሉ የከረምኩት ቂርያት ጋት በምትባል የደቡብ እስራኤል የፋብሪካ ከተማ ነው፤ ያየሁትም አንድ መንገድ ነው። እናቴ ይህን ስነግራት፣ "መንገድ ለማየት ነው ያን ያህል የተጓዝሽው? እዚህ መንገድ ጠፍቶ ነው?" አለችኝ። ይህን የምጽፈው ለእሷና እንደ እሷ ለሚገረሙ ነው።

ሥራዬ የከተማ መንገድ መንደፍ ነው። ጎንደር ውስጥ አንድ መንገድ ከመታደሱ በፊት ምን ያህል እግረኛ እንደሚያልፍበት ለማወቅ፣ ጥላዬን ዘርግቼ ጥግ ላይ እቀመጥና ወረቀት ላይ ጭረት እጭራለሁ። የሚያውቀኝ ሰው ከመጣ ሰላምታው ይረዝማል፤ ደኅና ነሽ ወይ፣ እናትሽስ፣ ስንባባል ያለፈው ሰው ሁሉ ሳይቆጠር ይቀራል። ቂርያት ጋት ላይ አንድ አነስተኛ ድርጅት አዲስ በተሠራ መንገድ ላይ እግረኛ የሚቆጥሩ ሴንሰሮች ሰቅሎ ኖሮ፣ አሠራሩን እንዳይ ለአጭር ስልጠና ተጋበዝኩ። ማረፊያ አዘጋጅተውልኝ ነበር። እኔ ግን እትዬ ብርቱካን ቤት አርፋለሁ አልኩ። እትዬ ብርቱካንና ባለቤታቸው ጋሼ ፈንታሁን ወደ እስራኤል የሚሄዱበትን ቀን ሲጠባበቁ ለዓመታት ግቢያችን ውስጥ ተከራይተው ኖረዋል። ልጅ ሳለሁ ፀጉሬን ይሠሩኝ የነበሩት እሳቸው ናቸው።

እሁድ

ማለዳ ቤን ጉርዮን ወረድን። ለጋሼ ፈንታሁን የወይራ ከዘራ ይዤላቸው ነበር፤ ሻንጣ ውስጥ አልገባ ስላለኝ በእጄ ነው የያዝኩት። የአውሮፕላን ማረፊያዋ ፈታሽ ከዘራውን ወዲያ ወዲህ አገላብጣ በእንግሊዝኛ፣ "እግርሽን ያምሻል?" አለችኝ።

"አይ፣ ለአንድ አዛውንት ስጦታ ነው።"

"እዚህ አገር ከዘራ የለም?"

ይኑር አይኑር በምን አውቃለሁ። ዓይን ዓይኗን ሳያት ሳቋ መጣና አሳለፈችኝ።

ቴል አቪቭ ላይ ባቡር ቀየርኩ። ባቡሩ ንጹሕ ነው፣ መዝጋን የሚሉት ማቀዝቀዣ አለው፣ ወንበሩ ይመቻል። ጥፋቱም እሱ ነው፤ ተኛሁ። በእኛ ታክሲ ረዳቱ በየፌርማታው እየጮኸ እንቅልፍ አያስተኛም፤ እዚያ ግን አንዲት ለስላሳ ድምፅ በዕብራይስጥ የሆነ ነገር አለችና ዝም አለች። ስነቃ ውጭው ሜዳ ብቻ ሆኗል። ከፊት ለፊቴ ጠመንጃዋን እንደ ቦርሳ ጭኗ ላይ ያጋደመች የእኛ መልክ ያላት ወታደር ተቀምጣለች።

"ቂርያት ጋት ገና ነው?" አልኳት በአማርኛ።

"ቂርያት ጋት? እሱማ አለፈ።"

ስልኳን አውጥታ እትዬ ብርቱካን ዘንድ ደወለችልኝ። በሚቀጥለው ጣቢያ አብራኝ ወረደች፣ ወደ ማዶ አሻገረችኝ፣ የመመለሻው ባቡር እስኪመጣም አጠገቤ ቆመች። የራሷ ባቡር ጥሏት ሄዷል። "ኧረ አንቺ ሂጂ" ብላት፣ "ትቼሽ ብሄድና እናቴ ብትሰማ ትገድለኛለች" አለችኝ። ጠመንጃ የያዘች ልጅ እናቷን ስትፈራ ማየት ደስ ይላል።

እትዬ ብርቱካን ጣቢያው በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። አቅፈው አገላብጠው ከሳሙኝ በኋላ መጀመሪያ የተናገሩት "ከሳሽ" የሚል ነበር። ከተማዋ በአራት ማዕዘን ሕንፃ የተሞላች ናት፤ በሰሜን በኩል ካርሜ ጋት የሚሉት አዲስ ሰፈር እየተሠራ ስለነበር ክሬኖቹ ከሩቅ ይታያሉ። ጋሼ ፈንታሁን ከዘራውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ፤ መሬቱን መታ መታ አድርገው ሞከሩት፤ መረቁኝ። ከዚያ ቁም ሳጥኑን ከፍተው ሌሎቹን ከዘራዎች አሳዩኝ። "ከጎንደር የመጣ ሁሉ የሚያስበው እግሬን ነው" አሉ። "የሚያመኝ ግን ወገቤን ነው።"

ሰኞ

ስልጠናው ማክሰኞ ስለሚጀመር ሰፈሩን ልይ ብዬ ወጣሁ። በእኛ አገር የሰው ቤት የሚታወቀው በበሩ ቀለም ወይም በዛፉ ነው። እዚህ ሕንፃዎቹ ሁሉ እንደ ጡብ ይመሳሰላሉ። ብልጥ ነኝ ብዬ ከእነ እትዬ ብርቱካን በላይ ያለው በረንዳ ላይ የተሰጣ ቀይ ብርድ ልብስ በምልክትነት ይዤ ነበር። ስመለስ ብርድ ልብሱ ደርቆ ገብቷል።

ስልኬ የዚያ አገር ሲም ካርድ አልነበረውም። አዲሱ መንገድ ማለትም ላየው የመጣሁት፣ በሰፈሩ መሃል ያልፋል፤ መኪና ይቆምበት የነበረው ጠርዝ ተነስቶ የእግረኛው መሄጃ ሰፍቷል፣ ችግኝ ተተክሎበታል፣ አግዳሚ ወንበሮች ተቀምጠውበታል። በዚያ ላይ ወጣሁ፣ ወረድኩ፣ እንደገና ወጣሁ። አንድ ቦታ ላይ ሁለት አግዳሚዎች ፊት ለፊት ተያይተው ተቀምጠዋል፤ አንዱ በሕንፃው በኩል፣ አንዱ በአስፋልቱ በኩል። አዛውንቶች ተቀምጠው ያወራሉ። በዚያ ደጋግሜ ሳልፍ በሕንፃው በኩል ካሉት ነጭ ኮፍያ ያደረጉት ጠሩኝ።

"ልጄ፣ ቅድም ያለፍሽ አንቺ አይደለሽም?"

"ነኝ አባባ።"

"ከዚያ በፊትስ?"

"እሱም እኔ ነኝ።"

"ታዲያ ምን ጠፋሽ?"

"ቤቱ።"

"የማን ቤት?"

"የጋሼ ፈንታሁን።"

ማዶ ያለውን አግዳሚ አዩ። "እዚያ ፊት ለፊቴ የሚቀመጡት ናቸው። ዛሬ ሐኪም ቤት ሄደዋል" አሉና ተነስተው ራሳቸው እስከ ሕንፃው በር አደረሱኝ። ስማቸው አባባ ደሴ ነው። እትዬ ብርቱካን ከላይ አይተውን ወርደው፣ ካልገቡ ብለው ለመኗቸው። "ውሃ እንኳ ይቅመሱ።"

"ሌላ ቀን" አሉ አባባ ደሴ፤ ኮፍያቸውን ነካ አድርገው ተመለሱ።

ደረጃውን ስንወጣ እትዬ ብርቱካን ነገሩን አስረዱኝ። "እሳቸው በሱዳን በኩል በእግራቸው የመጡ ናቸው። እኛ ኋላ የመጣን ነን። የእኛ አባቶች የአይሁድ እምነታቸውን ትተው ክርስትና ገብተው ስለነበር፣ አንዳንዱ ሰው እስካሁን በሙሉ ልቡ አይቀበለንም። ጠብ የለም፣ ሰላምታም አለ። ቤት መግባት ላይ ሲደርስ ነው የሚቆመው።"

"ጋሼ ግን ፊት ለፊታቸው ይቀመጣሉ።"

"ወንበሩ ከመጣ ወዲህ። የፋብሪካው ሥራ ወገቡን ካሳመመው በኋላ ይህ ሰው ከቤት አይወጣም ነበር፤ ግድግዳ ሲያይ ነበር የሚውለው። አሁን ቁርሱን ሳይጨርስ ይሮጣል። እሱ ከወዲህ እሳቸው ከወዲያ ሆነው ሲከራከሩ ይውላሉ።"

"በምን?"

"በጎንደሩ የመገጭ ወንዝ መሻገሪያ። ዱሮ ከብት የሚሻገረው ከዋርካው በላይ ነው፣ የለም በታች ነው እያሉ።"

ማክሰኞ

የድርጅቱ ቢሮ በኢንዱስትሪ ቀጠናው ዳር ከአንድ ጋራዥ በላይ ነው። የተቀበለችኝ ሺራ የምትባል ወጣት መሐንዲስ ናት፤ እዚያው ቂርያት ጋት ተወልዳ ያደገች የእኛው ልጅ። አማርኛዋ ከእናቷ ጓዳ የተማረችው ስለሆነ ስለ ምግብ ሲሆን እንደ ልቧ ትናገራለች፤ ስለ ሥራ ሲሆን ዕብራይስጥና እንግሊዝኛ ትቀላቅልበታለች።

ሴንሰሩ ከመብራት ምሰሶ ላይ የተሰቀለች ትንሽ ሳጥን ናት። የሰው ፊት አታስቀምጥም፤ የምታየውን ሰው ነጥብ ታደርገዋለች፣ ነጥቡ ሲሄድ ደግሞ መስመር ይሆናል። ሺራ የሰኞውን ስክሪን ላይ ከፈተችልኝ። እግረኛ ሰማያዊ፣ ብስክሌት ቢጫ። ሰማያዊዎቹ መስመሮች እንደ ድር በአንድ አቅጣጫ ተዘርግተዋል። በመሃላቸው አንድ መስመር ብቻ ተጠላልፎ፣ ተመልሶ፣ ቆሞ፣ እንደገና ዞሮ ድመት እንደ ተጫወተችበት ክር ሆኗል።

"ይሄን ተመልከቺ" አለች እየሳቀች። "ወይ ሰካራም ነው ወይ ውሻ። ውሻም እንደዚህ አይሆንም።"

"እኔ ነኝ" አልኳት።

ሳቋን ዋጠች። እኔ ስስቅ ግን ሁለታችንም ወንበር ላይ መቀመጥ አቃተን። ጎንደር ላይ ቆጣሪ ነበርኩ፤ ተቆጥሬ አላውቅም ነበር።

ከዚያ ቁም ነገሩን አሳየችኝ። አንድ ቦታ ላይ መስመሮቹ ይጎብጣሉ። ቀጥ ብሎ የመጣው ሰው ሰፊውን መሄጃ ትቶ ወደ አስፋልቱ ይወርዳል፣ ጥቂት ይሄድና ተመልሶ ይወጣል። ንጣፉ ደኅና ነው፣ ውሃ አይቋጥርም፣ መዝገቡ ላይ ያለው ሁሉ ሰላም ነው። "አግዳሚዎቹ ያሉበት ቦታ ነው" አለች። "በመሃላቸው ግን መኪና የሚያሳልፍ ስፋት አለ።" መኪና አቁመው ይገለገሉ የነበሩ ባለ ሱቆች መንገዱ ወደ ዱሮው ይመለስ ይላሉ፤ ሐሙስ ማዘጋጃ ቤት ስብሰባ አለ። ለሺራ ደግሞ ይህ መንገድ በራሷ ኃላፊነት የሠራችው የመጀመሪያው ነው። "መንገዴ ሰውን አስፋልት ላይ ይጥላል ብዬ ልናገር ነው?" አለች።

ረቡዕ

ታብሌቷን ይዘን ወደ ቦታው ሄድን። ሁለታችንም አንገታችንን ደፍተን ስክሪኑን እያየን እየተከራከርን ስንሄድ ሺራ ድንገት ቆመች።

"ለምን ወረድሽ?"

ቀና ስል አስፋልት ላይ ነኝ። "አንቺስ?"

እሷም አስፋልት ላይ ናት። ዞር ብለን አየን። አባባ ደሴ በሕንፃው በኩል፣ ጋሼ ፈንታሁን በአስፋልቱ በኩል ተቀምጠው በመሃላቸው የመገጭ ወንዝ ያለ ይመስል ጮክ ብለው ያወራሉ። ሁለት ሽማግሌ እየተነጋገረ በመሃላቸው ማን ያልፋል? ማንም አላዘዘንም። እግራችን ነው የወረደው።

"ሳባ ነው" አለች ሺራ ቀስ ብላ፤ በዕብራይስጥ አያት ማለት ነው። አባባ ደሴ ለካስ የእናቷ አባት ናቸው። "እዚህ እንደሚቀመጥ አውቃለሁ። እኔ ግን ሁልጊዜ በመኪና ነው የማልፈው።"

ጥቂት ቆመን ተመለከትን። ወዲያው አንዲት ወጣት እናት የሕፃን ጋሪ እየገፋች መጣች። ወንበሮቹ ጋ ስትደርስ ጋሪውን ወደ አስፋልቱ አወረደችው። ከኋላዋ የምግብ ማድረሻ ሞተር ብስክሌት እየበረረ ይመጣ ነበር፤ ነጂው ፍሬኑን ጨብጦ ያዘው፣ ጎማው ጮኸ፣ ሞተሩ ከጋሪው ጎን አንድ ክንድ ያህል ሲቀረው ቆመ። ሕፃኑ አልነቃም። እናትየው ጋሪውን መልሳ ወደ መሄጃው አወጣችው። ጋሼ ፈንታሁን ከመቀመጫቸው ተነስተዋል፤ አባባ ደሴም።

"ልጄ፣ በመሃል ብታልፊ ምን ነበረበት?" አሉ አባባ ደሴ።

"ይቅርታ አባባ፤ ወሬያችሁን እንዳልቆርጥ ብዬ ነው" አለች።

ከሄደች በኋላ ሁለቱም ተቀመጡ፤ ስለ መገጭ ግን አላነሱም። ሺራ ታብሌቷን አጠፋች።

ሐሙስ

ማዘጋጃ ቤቱን እነሱ ኢርያ ይሉታል። የስብሰባው ክፍል ከእኛው ጋር ይመሳሰላል፤ ረጅም ጠረጴዛ፣ ውሃ፣ የሚያዛጉ ሰዎች። የሚለየው ሁሉም በአንድ ጊዜ መናገሩ ነው፤ የተጣሉ መስሎኝ ነበር፣ ሺራ ግን እየተስማሙ ነው አለችኝ። ኃላፊው የጎበጡትን መስመሮች እንዳየ መፍትሔው አልቸገረውም፤ አግዳሚዎቹ ለሙከራ የተቀመጡ ናቸው፣ ሁለቱም ይነሱ። ሺራ ልታስረዳው ሞከረች። ሽማግሌ፣ አክብሮት፣ በመሃል ማለፍ፤ ሰውየው ትከሻውን ነቀነቀ። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞራ፣ "አንቺ ንገሪው፣ እተረጉማለሁ" አለችኝ።

መናገር ሳይሆን ማሳየት ይሻላል ብዬ ሁለት ወንበር ፊት ለፊት አስቀመጥኩና ሁለት ሠራተኞችን አስቀምጬ እንዲያወሩ ጠየቅኳቸው። ኃላፊውን ደግሞ ከማዶ ያለውን የውሃ ጠርሙስ እንዲያመጣልኝ ለመንኩት። ሰውየው ተነሳ፣ በሁለቱ ጉልበቶች መሃል ሰተት ብሎ አለፈ፣ ጠርሙሱን አመጣልኝ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። የማሳይበት ነገር ሁሉ እዚያው ፈረሰብኝ።

ጠርሙሱን ወደ ማዶ መልሼ፣ "አሁን ደግሞ ሺራ እንድታመጣው ጠይቅልኝ" አልኩት።

ሺራ ተነሳች። ወንበሮቹ ጋ ስትደርስ ቆመች፤ ጠረጴዛውን ዙሪያውን ዞራ፣ መስኮቱን ታክካ ነው ጠርሙሱ ጋ የደረሰችው። የተቀመጡት እኩዮቿ ናቸው፣ ነገሩም ጨዋታ መሆኑን ታውቃለች። ቢሆንም አላለፈችም። ኃላፊው ወንበሮቹን፣ ከዚያ እሷን፣ ከዚያ ስክሪኑን አየ። ሳቁም ቆመ። አግዳሚዎቹ ሳይነሱ፣ በአስፋልቱ በኩል ያለው ብቻ ተሻግሮ በሕንፃው በኩል ካለው ጎን እንዲቀመጥ ተስማሙ፤ እሁድ ሠራተኛ ይላካል ተባለ። እኛ ዘንድ ይህን ያህል ለመወሰን አንድ ክረምት ያልፋል ብዬ ለሺራ ብነግራት፣ "እዚህም ያልፋል፤ ዛሬ ርቧቸው ነው" አለችኝ።

ዓርብና ቅዳሜ

ኩራቴ የቆየው እስከ ዓርብ ምሳ ድረስ ነው። ወሬውን ለጋሼ ፈንታሁን ስነግራቸው የቆረሱትን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መልሰው አስቀመጡት።

"ጎን ለጎን?"

"አዎ ጋሼ። መሄጃው ነፃ ይሆናል።"

"ከደሴ ጋር?"

"ሁለት ወንበር ነው፣ አንድ አይደለም።"

"ፊት ለፊት ማንም ይቀመጣል፤ ገበያም ላይ ፊት ለፊት ነው። ጎን ለጎን የሚቀመጠው ወዳጅ ነው። ሰውየው ሳይወድ ለምን አጠገቡ እሄዳለሁ? ቤቴ እቀመጣለሁ።"

እትዬ ብርቱካን ቀና ብለው አዩኝ። አልተቆጡም፤ ያስጨነቀኝም እሱ ነው። የሰው አገር መጥቼ፣ የሰው ቤት አርፌ፣ የባለቤቱን መውጫ ቀዳዳ የደፈንኩ መሰለኝ።

ማታ ሰንበት ገባ፤ ሻማው በራ፣ ዳቦው ተባረከ። ከራት በኋላ መታጠቢያ ቤት ገባሁና ስወጣ እንደ ልማዴ መብራቱን አጠፋሁ። በሰንበት መብራት አይጠፋም፣ አይበራምም፤ እነሱ ከዋዜማው አብርተውት ነበር። እስከ ቅዳሜ ማታ ቤተሰቡ በሙሉ በዳበሳ ሊገባ ነው። እኔ በአፍረት መሬት ልገባ ስል፣ ጋሼ ፈንታሁን ከተቀመጡበት ሆነው፣ "ተዉአት፣ ጎንደርን ነው ያመጣችልን፤ መብራት ሄደ በሉ" አሉ። ከምሳ ወዲህ የሳቁት ያን ጊዜ ነው።

ቅዳሜ በሰፈሩ መኪና እምብዛም አያልፍም። ሰዉ በየመንገዱ መሃል ይንሸራሸራል፤ ከዚህ ወዲያ የመንገድ ንድፍ ምን ያደርጋል ያሰኛል። ጋሼ ፈንታሁን ግን ከምኩራብ ተመልሰው ከቤት አልወጡም። ወገቤን አሉ።

እሁድ

አውሮፕላኔ ማታ ነበር። ጠዋት ለእናቴ የሚሆን ሻሽ ልግዛ ብዬ ስነሳ፣ እንግዳ ብቻዋን አትሄድም፣ መጥፋትም ታውቂበታለሽ ብለው ጋሼ ፈንታሁን ኮታቸውን ለበሱ። ወደ ሱቆቹ የሚወስደው በአዲሱ መንገድ ነው፤ ሌላ መንገድ ይኑር አይኑር አልጠየቅኳቸውም።

ሠራተኞቹ ቀድመው ደርሰዋል። የጋሼን አግዳሚ ነቅለው ከሕንፃው አጠገብ ካለ ዛፍ ሥር በጎኑ አጋድመውት ቁርስ ሊበሉ ሄደዋል። ጋሼ ቆመው አዩት። አባባ ደሴ በራሳቸው አግዳሚ መሃል ተቀምጠዋል፣ ኮፍያቸው ጉልበታቸው ላይ ነው።

"እንደምን አደሩ" አሉ ጋሼ።

"እግዚአብሔር ይመስገን። ትናንት አልወጡም።"

"ወገቤን ነው።"

"እህ።"

ጋሼ ወደ እኔ ዞረው፣ "እንሂድ፣ ሱቁ ይዘጋል" አሉኝ። ሱቁ ገና መከፈቱ ነበር። ጥቂት እንደተራመድን ነበር አባባ ደሴ ከኋላ የጠሩን።

"የመገጩን ነገር ሳንጨርስ ወዴት ይሄዳሉ?"

ጋሼ ቆሙ። "የት ሆኜ ልጨርሰው? ወንበሬን ነቅለውታል።"

አባባ ደሴ ኮፍያቸውን አደረጉ። ከዚያ በእጃቸው ተደግፈው ወደ አግዳሚው ጫፍ ሸሸት አሉ። ቦታው ተለቀቀ። ጋሼ ፈንታሁን ከዘራቸውን መሬት ላይ ሲያሽከረክሩ ቆዩና ሄደው በሌላኛው ጫፍ ተቀመጡ። በመሃላቸው ሌላ ሰው የሚያስቀምጥ ክፍት አለ። ሁለቱም ወደ አስፋልቱ እያዩ፣ መንገዱ አሁንም በመሃላቸው ያለ ይመስል እንደ ወትሯቸው ጮክ ብለው ጀመሩ።

"ከዋርካው በታች ነው ያልኩት እኮ፣ በበጋ ነው" አሉ ጋሼ።

"በበጋማ ከሆነ ከሕፃንነቱ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። እኔ የምለው በክረምት ነው።"

"እንዲያ ቢሉ ኖሮ እስካሁን ምን ያከራክረን ነበር?"

ሻሹን ብቻዬን ገዝቼ፣ ሳልጠፋ ተመለስኩ። ሠራተኞቹ የተነቀለውን አግዳሚ ከአባባ ደሴ አግዳሚ ጎን ተክለው፣ እቃቸውን እየሰበሰቡ ነው። ሺራ መኪናዋን ከማዶ አቁማ በመስኮት ታያለች። አንድ ወጣት በሰፊው መሄጃ መጣ፤ ሽማግሌዎቹ ጋ ሲደርስ ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰላምታ ሰጠና ወደ አስፋልቱ ሳይወርድ አለፈ።

"ጋሼ፣ ወንበርዎ ተስተካከለ" አልኳቸው።

አዲስ የተተከለውን አዩት፤ ባዶውን ነው፣ እንደ ዱሮው ምቹ ነው። ከተቀመጡበት ግን አልተነሱም። በመሃላቸው የነበረው ክፍት ስሄድ ካየሁት ጠቧል።

"ያኛው ፀሐይ ይመታዋል" አሉ።

አባባ ደሴም አዩትና ራሳቸውን ነቀነቁ። "አዎ፣ ይመታዋል።"

ሁለቱም ዓይናቸውን ከፀሐይ በእጃቸው ጋርደው ነበር። የዛፉ ጥላ ያረፈው በዚያኛው ላይ ነው።